«ሀይ» ማለት ውሸት አይደለም፦ ስለ ጃፓንኛ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

የአክስቴ ልጅ ደሴ ነው ያለችው። በመጪው ሚያዝያ ቶኪዮ ለቋንቋ ትምህርት ልትመጣ ወረቀቷን ጨርሳለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «እትዬ፣ እውነት ነው እንዴ? ልተወው?» የሚል ጥያቄ አለው።

ጽሑፉን የጻፈው ጃፓን ሁለት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ወገናችን ነው። ጃፓንኛ ሐበሻን የሚያሳስት ቋንቋ ነው ይላል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ጃፓኖች አዎ እያሉ እምቢ ይላሉ፤ ቋንቋቸው ለማስመሰል የተሠራ ነው። አለመግባባቱን ሁሉ የሚያመጣው ካንጂ የሚባለው ጽሕፈታቸው ነው። አማርኛ ለጃፓንኛ አይጠቅምም፤ በእንግሊዝኛ በኩል መግባት ይሻላል። ከመጽሐፍ ይልቅ አኒሜ፣ የካርቱን ፊልማቸው ማለት ነው፣ ያስተምራል። በአባታችን ስም እየጠሩ ይንቁናል። በመጨረሻም፣ ያልገባው ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፤ አገሬው ምንም ዕዳ የለበትም።

እኔ ጃፓን ከመጣሁ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው በምሥራቅ ቶኪዮ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሰፈሩበት በካትሱሺካ ነው። ጸሐፊው ደረሰብኝ ያለውን አልጠራጠርም። ብዙው እኔም ላይ ደርሷል። የማልስማማው ምክንያቱን በተናገረበት ላይ ነው። ምክንያቱ ከተሳሳተ ምክሩም ይሳሳታል። ደሴ ያለችው ልጅም በማይሆን ነገር ፈርታ ትቀራለች። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አዎ እያሉ እምቢ ይላሉ»

ጸሐፊው ቤት ሊከራይ ሄዶ ደላላውን «ኪራዩን ትንሽ ቀንስልኝ» ይለዋል። ደላላው እሱ በተናገረ ቁጥር ራሱን እየነቀነቀ «ሀይ፣ ሀይ» ይላል። መጨረሻ ላይ ግን በጥርሱ መሃል ትንፋሹን ስቦ «ቾቶ…» አለና ዝም አለ። ኪራዩ አልቀነሰም። ጸሐፊው ይህንን ክህደት ብሎታል።

ወንድሜ፣ ደላላው አንድም ጊዜ አዎ አላለህም። «ሀይ» መዝገበ ቃላት ላይ «አዎ» ተብሎ ተጽፏል። ሰው እየተናገረ በመሃል ሲመጣ ግን «እየሰማሁህ ነው» ማለት ነው። ጃፓኖች ይህን የአድማጭ ድምፅ «አይዙቺ» ይሉታል። አድማጭ ይህን ድምፅ ካላሰማ ተናጋሪው ግራ ይገባዋል፤ ስልክ ላይ ከሆነማ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል። እኛስ? እናቴ ደውላ የጎረቤቱን ሁሉ ስትነግረኝ ሃያ ጊዜ «እሺ… እሺ…» እላታለሁ። በምን ተስማማሁ? በምንም። እየሰማሁ መሆኔን ነው የነገርኳት።

«ቾቶ» በቁሙ «ትንሽ» ማለት ነው። ዝምታ ሲከተለው «ትንሽ ያስቸግራል» ይሆናል። ያ እምቢታ ነው። ቢሮ ውስጥ የሚሰማው «ኬንቶ ሺማስ»ም፣ ማለትም «እናየዋለን»፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም ማለት ነው። ይህን ማስመሰል የሚል ሰው የኛን «እሺ፣ ነገ» ያስታውስ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የውጭ አገር ሰው በምሳ ሰዓት በቢሮ ኮሪደር ቢያልፍ በየበሩ «እንብላ!» ይባላል። በየበሩ ገብቶ ቢቀመጥ ሰዉ ይደነግጣል። ታዲያ ዋሽተውታል? አልዋሹትም። «እንብላ» የአክብሮት ቃል ነው፤ መልሱም «ብሉ፣ አሁን በላሁ» ነው። ሰውየው ይህን ሳያውቅ «ሐበሻ ያታልላል» ብሎ ቢጽፍ ሁላችንንም ቅር ይለን ነበር።

ጸሐፊው የጻፈው የሱቁ ታሪክም እንደዚሁ ነው። ጃፓን ውስጥ ከጁላይ 2020 ወዲህ ሱቆች ፌስታል የሚሰጡት በገንዘብ ነው። ስለዚህ ካሸሯ ሁሌም ትጠይቃለች። ጸሐፊው «ችግር የለም፣ ስጪኝ» ለማለት «ዳይጆቡ ዴስ» አላት። ዕቃውን አቅፎ ወጣ። ተናድዷል፤ ይገባኛል። ግን «ዳይጆቡ» የሚለው ቃል «ደህና ነኝ» ነው። አንድ ነገር ሲቀርብልን «ሳልወስደውም ደህና ነኝ» ይሆናል። «ኬኮ ዴስ» የሚሉትም አንድ ቦታ «ጥሩ ነው»፣ ሌላ ቦታ «ይበቃኛል» ነው። እኛም «ይበቃኛል» ስንል አስተናጋጇ እምቢታ መሆኑን ታውቃለች። እጅንም ማየት ይጠቅማል። እምቢ ሲሉ መዳፋቸው ከፊታቸው ትንሽ ወዝወዝ ትላለች።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሣው ሌላ ነገር አለ። እኛም እናሳስታቸዋለን።

መጀመሪያ የሠራሁት የታሸገ ምሳ በሚያዘጋጅ ፋብሪካ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። የክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ሌሊት የማሸጊያውን ማሽን አሠራር ያሳዩኛል። ክዳኑን አስገቡ፣ ማንሻውን ወደ ታች ሳቡ፣ ቀና ብለው «ገባሽ?» አሉኝ። እኔ እንደ ቤቴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ። ያቺን በትንፋሽ ብቻ የምንላትን «አዎ» ማለቴ ነው። ሰውየው ክው አሉ። እጃቸውን ከማሽኑ ላይ አነሡ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩ። «ዳይጆቡ?» አሉኝ። ደህና መሆኔን ነገርኳቸው። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ሳብ አደረግሁ። እንደገና ቆሙ። እስኪነጋ እንዲህ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ አብራኝ የምትሠራ ሴት ወደ ጎን ወስዳ «አስም አለብሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጃፓን ውስጥ ትንፋሽን ድንገት ወደ ውስጥ መሳብ ድንጋጤ ነው። በጥርስ መሃል ቀስ አድርጎ መሳብ ደግሞ «ነገሩ ይከብዳል» ማለት ነው። እኔ አዎ ስል ሰውየው አደጋ የደረሰ መሰላቸው። ደላላው እምቢ ሲል ጸሐፊው ምንም አልሰማም። በሁለቱም ቦታ ያልተሰማው ትንፋሽ ነው። የዋሸ ሰው የለም።

«ጥፋቱ የካንጂ ነው»

ካንጂ ከባድ ነው፤ ይህን አልክድም። በ2010 በተሻሻለው የመንግሥት ዝርዝር ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተመደቡት 2136 ናቸው። የኛ ዋና ፊደል 33 በ7 ተባዝቶ 231 ነው። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ግን ካንጂ ያደክማል እንጂ አያሳስትም። የማያውቁት ካንጂ ፊት የቆመ ሰው አለማወቁን ያውቃል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል፣ ወይ ሰው ይጠይቃል። ክፉው አለመግባባት የሚመጣው የሰማን መስሎን ሳንሰማ ስንቀር ነው።

የጸሐፊው ምሳሌ ራሱ ይህንን ያሳያል። ሆዱን አሞት ታክሲ ይዞ «ሆስፒታል» አለ። ሾፌሩ የሴቶች ፀጉር ቤት በር ላይ አወረደው። ጸሐፊው ካንጂን ወቀሰ። ታክሲው ውስጥ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሆስፒታል «ብዮ–ኦ–ኢን» ነው። የውበት ሳሎን «ቢ–ዮ–ኦ–ኢን» ነው። ልዩነቱ «ብዮ» በአንድ ምት መባሉና «ቢ–ዮ» በሁለት ምት መባሉ ብቻ ነው። እንዲያውም በካንጂ ተጽፈው ቢሆን ኖሮ አይምታቱም፤ የሁለቱ መጀመሪያ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ከስህተቱ የሚያድነውን ነው የወቀሰው።

የኛ ጆሮ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ውስጥ አናባቢን ማስረዘም ትርጉም አይለውጥም። «ና» ብንል «ናአአ» ብንል መምጣት ነው። በጃፓንኛ ግን ርዝመት ትርጉም ነው። «ቢሩ» ሕንፃ ነው፣ «ቢኢሩ» ቢራ ነው። «ዩኪ» በረዶ ነው፣ «ዩኡኪ» ጀግንነት ነው። «ሹጂን» ባል ነው፣ «ሹኡጂን» እስረኛ ነው።

ይህንን የተማርኩት ሰው አስቀይሜ ነው። ፋብሪካው ውስጥ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ሴት ነበረች፤ ያቺው ስለ አስም የጠየቀችኝ። በጣም ደግ ናት። ስሟን ብቻ መጥራት አማርኛዬ አልፈቀደልኝም። እንደ «እትዬ» ያለ ቃል ፈለግሁ። መጽሐፌ ውስጥ «ኦባሳን» አክስት ማለት ነው፣ ለትልቅ ሴትም ይባላል ይላል። በአክብሮት ድምፄን ሳብ አድርጌ «ኦባአሳን!» ብዬ ጠራኋት። «ኦባአሳን» አያት ናት፣ አሮጊት። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። ምንም አላለችኝም። ጓንቷን አስተካከለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ያጠፋሁት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሁለት ቀን ሰነበትኩ። የነገረችኝ ሌላ ፊሊፒናዊት ሠራተኛ ናት። ያስቀየምኳትን ሴት ይቅርታ ስጠይቃት ሌላም ነገር አስተማረችኝ። «ኦባሳን»ም ቢሆን ለማያውቋት ሴት አይባልም፤ ያስከፋል። ስሟን ጠርቶ «ሳን» ማከል ነው። የኛ «እትዬ» የሚያከብረውን ያህል የእነርሱ ቃል አያከብርም።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛ ላይ በጣት እየመታሁ መለማመድ ያዝኩ። ኦ–ባ–ሳ–ን፣ አራት ምት። ኦ–ባ–አ–ሳ–ን፣ አምስት ምት። «ን» ብቻዋን አንድ ምት ናት። ሃይኩ የሚባለው ግጥማቸው አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ተብሎ የሚቆጠረው በዚሁ ምት ነው። ለእኔ ከሁሉም ልምምድ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው።

መጥበቅና መላላት ላይ ደግሞ የሚቀድመን የለም። «ገና» ሲላላ ሌላ፣ ሲጠብቅ የታኅሣሥ በዓል ነው። ጃፓንኛ «ኪቴ» ሲላላ «ና» ነው፣ ሲጠብቅ ቴምብር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የክፍል ጓደኞቼ በዚህ ወር ሙሉ ሲቸገሩ እኔ በመጀመሪያው ቀን ሰማሁት። የነርሱ ጽሕፈት እንዲያውም ከኛ ይሻላል። የሚጠብቀውን ቦታ በትንሽ ፊደል ያሳያል። እኛ ለአንባቢ እንተወዋለን።

«አማርኛ አይጠቅምም፣ በእንግሊዝኛ ግቡ»

ጽሑፉን ሳነብ ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። እኔም ሁለት ዓመት ያባከንኩት በዚሁ ሐሳብ ነውና።

መማሪያ መጽሐፌ ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነበር። «ኪኖ ኮሂ ኦ ኖሚማሽታ» ይላል። ኪኖ፣ ትናንት። ኮሂ፣ ቡና። ኖሚማሽታ፣ ጠጣሁ። ትናንት ቡና ጠጣሁ። ቃሉ ሁሉ በቦታው ነው። እኔ ግን ወደ እንግሊዝኛ አዙሬ፣ ገልብጬ፣ መልሼ እገለብጠው ነበር። «ኦ» የምትባለውን መጽሐፉ ግማሽ ገጽ ያብራራታል። «ቡናውን ጠጣሁት» ስንል ቡናው ላይ የምናስቀምጣት «ን» ናት። «ኪኖ ኖንዳ ኮሂ» ደግሞ «ትናንት የጠጣሁት ቡና» ነው። እንግሊዝኛ ቡናውን ያስቀድምና መጠጣቱን ከኋላ ያስከትላል። ጃፓንኛና አማርኛ ቡናውን መጨረሻ ያመጡታል።

ዋናው ግን «ቴ» የሚሉት የግሥ ቅርጽ ነው። ክፍላችን ውስጥ ሰው ሁሉ የተሰቃየበት ነው። አንድ ጠዋት አብራኝ የምትኖረው ጃፓናዊት ልጅ በር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች «ኢቴ ኪማስ!» አለች። በየቀኑ ትላለች። መጽሐፌ በእንግሊዝኛ «ልሄድ ነው» ብሎ ተርጉሞታል። ያን ቀን ገና ከእንቅልፌ ሳልነቃ ሰማሁትና ቃሉን ለብቻ ለብቻ አየሁት። ኢቴ፣ ሄጄ። ኪማስ፣ እመጣለሁ። «ደርሼ መጣሁ» ማለቷ ነው! እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ገበያ ስትወጣ የምትለው። እኔ የምመልስላት «ኢተራሻይ»ም «ደርሰሽ ነይ» ነው። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ያህል ጊዜ በሌላ ሰው በር ስዞር የኖርኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተከፈተልኝ። «ታቤቴ፣ ኖንዴ፣ ኔታ»፦ በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ተኛሁ። «ታቤቴ ሚማስ» ቃል በቃል «በልቼ አያለሁ» ነው፤ እኛ «እስቲ ቀምሼ ልየው» የምንለው። «አሜ ጋ ፉሩ ቶ ኦሞይማስ»፦ ዝናብ ይዘንባል ብዬ አስባለሁ። «ብዬ» የምንለው ቦታ ላይ «ቶ» አለች። «ሱሚማሴን» ይቅርታም ምስጋናም መሆኑ ጸሐፊውን ግራ አጋብቶታል። እኛ ሰው ውለታ ሲውልልን «አስቸገርኩዎት» እንል የለ? ያው ነው።

በእንግሊዝኛ መግባት እንዴት እንደሚያሳስት አንድ ላንሣ። ኃላፊዬ አንድ ቅዳሜ «ነገ አትመጪም አይደል?» አሉኝ። አልመጣም ነበር። በአማርኛ ቢሆን «አዎ፣ አልመጣም» እል ነበር። ጃፓንኛውም «ሀይ» ነው፤ ያልከው ልክ ነው እንደ ማለት። እኔ ግን በእንግሊዝኛው ልማድ «ኢኤ» አልኩ፣ አይደለም ብዬ። እሳቸው «አይ፣ እመጣለሁ» ብዬ የመለስኩ መሰላቸው። እሑድ ሌሊት ሌላ ሰው ሳይተኩ ጠበቁኝ። አንድ ሰው በጎደለው መስመር ላይ ራሳቸው ቆመው አደሩ። ሰኞ ስገባ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ሕመም ላይ ሲሆን ደግሞ እንዲህ ነው። ጥርሴን አሞኝ ሐኪሟ «ዙኪዙኪ? ቺኩቺኩ? ሂሪሂሪ?» እያለች ጠየቀችኝ። ስልኬ ላይ በእንግሊዝኛ ብፈልግ ሁሉም «ሕመም» ነው የሚለኝ። በአማርኛ ቃሉ አለ። ዙኪዙኪ መጠዝጠዝ ነው። ቺኩቺኩ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ሂሪሂሪ መለብለብ ነው። ለራስ ምታት «ጋንጋን» ይላሉ፣ ውቅር ውቅር ሲያደርግ። እነዚህን ቃላት «ሱሩ»፣ ማለትም «ማድረግ» ከሚለው ግሥ ጋር ነው የሚያያይዟቸው። «ጠቅ ጠቅ ያደርገኛል» የምንል ሰዎች ይህን ለመማር እንግሊዝኛ ምን ያደርግልናል?

አማርኛ የሚያሳስትበት ቦታም አለ፤ መናገር አለብኝ። የኛ ግሥ ማን እንደሠራው ይነግረናል፦ ይሄዳል፣ ትሄዳለች። «ኢኪማስ» ግን እኔም፣ አንቺም፣ እርሳቸውም ነው። አንዴ የሥራ ባልደረባዬ «ነገ ሆስፒታል ኢኪማስ» ብላኝ ታማለች ብዬ ሾርባ ሠርቼ ወሰድኩላት። የምትሄደው እናቷ ነበረች። ሾርባውን ለእናቷ ወሰደችላቸው።

«አኒሜ ያስተምራል»

ጆሮ ያለማምዳል፤ እስማማለሁ። ለመናገር ግን አይሆንም። አኒሜ ላይ ጀግናው «ኦማኤ» ወይም «ኪሳማ» እያለ የሚጠራው ጠላቱን ነው፣ ወይ የቅርብ ጓደኛውን። ያንን ለኃላፊ የሚል ሰው አንቱ የሚባልን ሽማግሌ «አንተ!» እንዳለ ይቆጠራል። መጽሐፍ ላይ ያለው «አናታ» ራሱ ለትልቅ ሰው አይባልም። «እርስዎ» የሚል ቃል የፈለገ ሐበሻ «አናታ»ን አግኝቶ ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ «እርስዎ» የሚያገለግለው ግን የሰውየው ስም ወይም ማዕረግ ነው። መምህር ከሆነ «ሴንሴይ»፣ የሱቅ ኃላፊ ከሆነ «ተንቾ»።

«በአባታችን ስም እየጠሩ ይንቁናል»

ይህ ስሜት የሚነካ ነገር ነው። ጸሐፊውም በእውነት ተጎድቷል።

እኔም መጀመሪያ ዓመት ክሊኒክ ሄጄ ወረፋ ያዝኩ። ነርሷ ብቅ ብላ አንድ ስም ጠራች። ዝም አልኩ። ደግማ ጠራች። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ያዩኛል፤ ከኔ ሌላ የውጭ አገር ሰው የለም። ሦስተኛው ላይ ነው ጆሮዬ የነቃው። የአባቴን ስም ነበር የምትጠራው፣ ከኋላው «ሳማ» ብላ። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነበር። ስሙን ከዚያ በፊት በዚያ አገር ማንም ጠርቶት አያውቅም። ተነሥቼ መሄድ አቃተኝ።

ግን ንቀት አይደለም። «ሳማ» ከ«ሳን» ከፍ ያለ የአክብሮት ቃል ነው። ጃፓን ውስጥ ሰው የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ነው። የራስን ስም መጥራት ለቤተሰብና ለቅርብ ወዳጅ ነው። ቅጾቻቸው ሁሉ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። የቤተሰብ ስም የሌለን እኛ ደግሞ ፓስፖርታችን ላይ መጨረሻ ያለውን እንሰጣለን፣ የአባት ወይም የአያት። እነርሱ በደንባቸው አከበሩን። እኛ በደንባችን አዘንን።

ችግሩ ግን አለ። ስማችን የውጭ ቃል በሚጻፍበት ፊደላቸው፣ በካታካና፣ ሲጻፍ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። ጸ፣ ጠ፣ ቀ እና ጨ ጃፓንኛ ውስጥ የሉም። አንዱ መሥሪያ ቤት በአንድ መልክ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሌላ። እኔ በሁለት አጻጻፍ ሁለት ሰው ሆኜ ገንዘቤን ለማውጣት ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። ለዚህ መድኃኒቱ በመጀመሪያው ቀን አጻጻፉን ራስ መምረጥ፣ በወረቀት መያዝና በሁሉም ቦታ እሱኑ መስጠት ነው። ክሊኒኩም ውስጥ አሁን ቅጹ ላይ በራሴ ስም እንዲጠሩኝ እጽፋለሁ። እምቢ ያለኝ የለም።

በነገራችን ላይ፣ ጃፓን በሙሉ በራሱ ስም የጠራው ሰው አለን። ካትሱሺካ ከገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ኤቺዮፒያ» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «አቤቤ!» አሉ። አልገባኝም። ወደ እግራቸው አመለከቱ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ባዶ እግራቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ አነሡ። ከዚያ ነው የገባኝ። አበበ ቢቂላ። ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ጨርሶ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ ወሰደ። በባዶ እግሩ የሮጠው በ1960 ሮም ላይ ነው፤ ቶኪዮ ላይ ጫማ ነበረው። ሽማግሌው ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የያዙት። አላረምኳቸውም። ቢቂላ አላሉትም። አበበ ነው ያሉት።

«ያልገባው ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው»

ይህንን አልቀበልም። ጃፓኖች ራሳቸውም አልተቀበሉትም።

ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 የኮቤ ከተማና አካባቢው በመሬት መንቀጥቀጥ ሲፈርስ ከ6400 በላይ ሰው ሞተ። እዚያ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ውሃና ምግብ የት እንደሚሰጥ፣ መጠለያው የት እንደሆነ የሚነገረውን አልተረዱም። ከዚያ በኋላ የሂሮሳኪ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን «ያሳሺ ኒሆንጎ»፣ ቀላል ጃፓንኛ ማለት ነው፣ የሚባለውን ማዘጋጀት ጀመሩ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። በአደጋ ጊዜ «ታካዳይ ኒ ሂናን» ከማለት «ታካይ ቶኮሮ ኒ ኒጌቴ» ማለት፦ ከፍ ወዳለ ቦታ ሽሹ። የመጀመሪያውን የሚያውቀው ብዙ የተማረ ነው። ሁለተኛውን የሦስት ወር ተማሪ ይሰማዋል። በኦገስት 2020 መንግሥትም ለመሥሪያ ቤቶች የቀላል ጃፓንኛ መመሪያ አወጣ።

ግራ የተጋባነውም እኛ ብቻ አይደለንም። እስከ 2021 ድረስ ጎርፍ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ ነበር። አንዱ «ካንኮኩ»፣ ምክር፣ ሌላው «ሺጂ»፣ መመሪያ፣ ይባላል። የትኛው ሲነገር መውጣት እንዳለበት ጃፓናዊውም ይምታታበት ነበር። በሜይ 2021 ሕጉ ተሻሽሎ «ካንኮኩ» የሚለው ቀረ። «ሺጂ» ከተባለ አደገኛ ቦታ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይውጣ ተባለ። ሕዝቡን ያልገባው ሰነፍ አላሉትም። ቃሉን ለወጡት።

ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ኖቶ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ 7.6 የተለካው መንቀጥቀጥ ሲደርስ ቤቴ ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። የኤንኤችኬ፣ የጃፓን ሕዝባዊ ቴሌቪዥን፣ ዜና አንባቢዋ ረጋ ያለ ድምፅዋን ተወችው። አሁኑኑ ሽሹ እያለች ጮኸች። ስክሪኑ ላይ «ሱናሚ! ኒጌቴ!»፣ ሱናሚ! ሽሹ! ማለት ነው፣ በሂራጋና፣ ሕፃን በሚያነበው ፊደል፣ በትልቁ ተጻፈ። ያ ጽሑፍ ካንጂ አልነበረበትም። «ኒጌቴ» ያ ክፍላችን የተሰቃየበት የ«ቴ» ቅርጽ ነው። እዚያ የባሕር ዳርቻ ላይ እንደኔ የውጭ አገር ሰዎች እንደነበሩ አውቃለሁ። ያን ቃል የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ይረዳዋል።

የምኖርበት ካትሱሺካ ዝቅ ያለ ምድር ነው፤ የአራካዋ ወንዝ በአጠገባችን ያልፋል። ጎርፍ ቢመጣ ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ በሬ ላይ ለጥፌያለሁ። ለአክስቴ ልጅ ፎቶ አንሥቼ ላኩላት፤ ሦስት ቃላት አስምሬበት። ከሥሩ በድምፅ «ኦባሳን» እና «ኦባአሳን» ብዬ ቀድቼ ላኩ፣ ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ።

ማታ መለሰችልኝ። ከጀርባዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። የመጀመሪያውን አራት መታች። ሁለተኛውን አምስት።